የወደቀን ሰው አለማንሳት

ጡረታ ያስወጣኝ ጉልበቴ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ዕድሜዬ ደርሶ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ተጫዋቻችን መሀል ሜዳ ላይ ወደቀና የሕክምና ቦርሳዬን አንግቼ ሮጥኩ፤ ማለቴ፣ እኔ ሩጫ የምለውን ነገር አደረግሁ። ሳልደርስበት ልጁ ተነሥቶ፣ ኳስ ተቀብሎ፣ ነጥብ አስቆጥሮ ተመለሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ "ሃይ ዶክ" አለኝ። ያን ቀን ለአሠልጣኛችን ለኤምሪስ "ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አልተከራከረኝም።

በሚኒሶታ ሁለት ሥራ ነበረኝ። አንደኛው ፕሊማውዝ ባለ መጋዘን ውስጥ የውሃ ቧንቧ ቫልቭ በካርቶን ማሸግ ነው። እሱ የኒው ሆፕ አፓርታማዬን ኪራይና የመኪናዬን ኢንሹራንስ ሲከፍልልኝ ኖሯል፣ እግዜር ይስጠው፣ ከዚህ በላይ የምጨምርለት የለኝም። ሁለተኛው የራግቢ ቡድን ወጌሻነት ነው፤ ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚጫወቱት ነው። ደመወዝ የለውም፤ ቤንዚንና ሳንድዊች ብቻ ነው። ይሁንና የሥራ ዘመኔን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይኸኛው ነው።

ወጌሻነትን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የእግር ኳስ ቡድን ነው። እዚያ ጎበዝ ወጌሻ የሚባለው የወደቀውን ቶሎ የሚያስነሳ ነበር። ባልዲህን ይዘህ ትሮጣለህ፣ "አይዞህ!" ትላለህ፣ በረዶ ታስነካዋለህ፣ ታሸዋለህ፣ ብብቱን ይዘህ ታቆመዋለህ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ትንሽ ከቆየህ የቡድን መሪያችን ከዳር ሆኖ "ምን ታሻሸዋለህ፣ አስነሣው እንጂ!" ብሎ ይጮህብሃል። እኔም ፈጣን ነበርኩ፣ በፍጥነቴም ተወድጃለሁ። አሜሪካ የመጣሁት በዚህ ኩራት ነው።

ኤምሪስ መጋዘኑ ውስጥ የፈረቃችን አለቃ ነበር። የዌልስ ሰው ነው፤ ዌልስ በእንግሊዝ ጎን ያለች ትንሽ አገር ናት። "እንግሊዛዊ ነህ?" ብለህ ከጠየቅኸው ቀኑን ሙሉ ያኮርፍሃል። አንገቱ ከጭንቅላቱ እኩል ይሰፋል፣ ጆሮዎቹ ተጨማደው የተጣሉ ወረቀቶች ይመስላሉ፤ ግራ እጁ ላይ ደግሞ ቢሮ ውስጥ እንኳ የማያወልቀው ጓንት አለ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባችን ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት እኔ ሳስርለት ቆሞ አየኝ። "የት ተማርክ?" አለኝ። ነገርኩት። "ቅዳሜ ሜዳ ና" አለ፤ እንደ ልመናም እንደ ትእዛዝም አልነበረም። ይኸውና ያ ቅዳሜ ከፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ጀምሮ አሥር ዓመት ሙሉ ወሰደብኝ።

ይህ ሰው ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ የተጫወተ መሆኑን የነገረኝ እሱ አይደለም። ስለ ራሱ ስትጠይቀው ስለ አየሩ ያወራል። በዓመታት ውስጥ በቁራሽ በቁራሽ የሰማሁትን ብሰፋው እንዲህ ነው። የተወለደው ድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ሸለቆ ነው። አባቱ ማዕድን ጉድጓድ ይሠራ ነበር፣ እሱም በልጅነቱ ገባበት። ያኔ ራግቢ ደመወዝ ስላልነበረው ቅዳሜ ለአገሩ ተሰልፎ ሰኞ ጉድጓድ ይወርዳል። የእሱ ቦታ ስክረም ላይ ነው። ስክረም ማለት ስምንት ስምንት ሰው ተያይዞ፣ አንገት ለአንገት ገጥሞ፣ ኳሷን ለማግኘት የሚገፋፋበት ነው። ኤምሪስ ከፊተኛው ረድፍ በግራ በኩል ይገፋ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሩ የለበሰውን ማልያ እናቱ አጥባ በራፏ ላይ ሰቀለችው፤ ዝናብ እየመታው እንኳ አላነሣችውም፣ ጎረቤት ሁሉ ሳያይ እንዳይቀር። ለተሰለፈ ሰው ደግሞ ቆብ ይሰጠዋል፤ የምር ቆብ ነው፣ ከከፋይ የተሠራ፣ ዘርፍ ያለው። ኤምሪስ ያን ቆብ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ከቫልቭ ካታሎጎች ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። አንድ ጊዜ ልሞክረው ብዬ ለመንኩት። "ያልገፋ አያደርገውም" ብሎ መሳቢያውን ዘጋብኝ።

የማልረሳው ልማዱ የሐሙስ ነው። ልምምድ ሲያበቃ የፊተኛው ረድፍ ተጫዋቾችን አንድ በአንድ አቁሞ መዳፉን ማጅራታቸው ላይ ያሳርፍና "ግፋኝ" ይላል። ልጁ በአንገቱ መዳፉን ይገፋል። ኤምሪስ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ በመዳፉ ነው የሚያዳምጠው። የደከመ አንገት ካገኘ ልጁ ምንም ቢለምነው ቅዳሜ አያሰልፈውም። እኔንም ማጅራት ዳስሶ ድካም መለየት አስተማረኝ። ደግሞ ፕላስተር በጥርስ መቅደድ ይጠላ ነበር፤ "ነገ የሰው ደም አፍህ ውስጥ ይገባል" ይለኛል። ይህን ልማዴን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

የመጀመሪያው ቅዳሜዬ ግን ውርደት ነበር። ራግቢ ላይ ሰው ሲወድቅ ጨዋታው አይቆምም፤ ወጌሻው ጨዋታው በሚካሄድበት መሀል ነው የሚገባው። አንዱ ልጅ ወደቀ። ባልዲዬን ይዤ በረርኩ፣ "አይዞህ!" አልኩ፣ ብብቱን ያዝኩ። ከማዶ "እጅህን ከእሱ ላይ አንሣ!" የሚል ጩኸት ስሰማ የምሬን ደነገጥኩ። ኤምሪስ ነው። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ኤምሪስ ግን እስከ ማታ አላናገረኝም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ወለል ላይ ካርቶን ዘርግቶ በጀርባው ተኛ። አለቃችን ነው እንግዲህ! ፎርክሊፍት የሚነዱት ልጆች ማሽናቸውን አቁመው ይሥቁ ጀመር። "ና፣ ወድቄያለሁ" አለኝ። ሄድኩ። "ከኋላ አትምጣ። ከኋላ ከመጣህ ማን እንደሆንክ ሊያይ አንገቱን ያዞራል። ከእግሩ በኩል ና፣ ይይህ፣ ከዚያ ዞረህ ከራስጌው ተንበርከክ።" ተንበረከክሁ። "ክርንህን ጭንህ ላይ ትከል፣ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ። አሁን ጭንቅላቴን ከሁለት በኩል ያዝ። ጆሮዬን አትሸፍን፤ የፈራ ሰው ድምፅህን መስማት አለበት።" ያዝኩት። "አሁንስ?" አልኩት። "አሁንማ ምንም። እርዳታ እስኪመጣ እንዲሁ ትቆያለህ። አታነሣም፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ማንሣትህ ሽባ ሊያደርገው ይችላል።" የምሳው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ አለቃዬን ጭንቅላቱን ይዤ ቆየሁ።

መያዙን ቶሎ ተማርኩ። አለማንሣቱ ነው የከበደኝ። እኛ አገር ሰው አደናቅፎት ሲወድቅ ያየ ሁሉ "እኔን!" ይላል፤ ቃሉ ካፉ ሳይወጣ እጁ የወደቀውን ይዞ ያነሣል። ሁለቱን አብረን ነው የተማርናቸው፣ ለመለያየት ዓመታት ፈጀብኝ። እኔ ቃሉንና እጁን ብለያይም ታዲያ ሌላው ሰው አልለያየም።

ገመቹ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው፣ ኒው ሆፕ ያደገ። ቤታቸው ኦሮምኛ ይነገራል፣ በአማርኛ ስታናግረው እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ይመልስልሃል፤ ጉልበቱ ግን የሁለት ሰው ነው። ወደ ቡድኑ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኤምሪስ በራሱ ቦታ፣ በፊተኛው ረድፍ ግራ፣ አሰለጠነው። እንደ እሱ ያለ አንገት አይቼ አላውቅም ብሎኛል። የገመቹ አባት አቶ ቶሌራ የተማሪ ባስ ይነዱ ነበር፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ አብረን የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። ጨዋታውን አይወዱትም ነበር። "ተደባልቀው የሚንከባለሉት ምን ጠፍቷቸው ነው?" ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ግን ልጃቸው ለምኗቸው መጡ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ የእሑድ ጫማቸውን አድርገው።

ስክረሙ ተናደ። ሁሉም ሲነሣ ገመቹ ቀረ። እንደተማርኩት በእግሩ በኩል መጣሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ያዝኩት። "አይም ፋይን፣ ዶክ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ክንዴ በርኒንግ ነው" አለ። ክንድ ተቃጠለ ሲባል አንገት ተነክቷል ማለት ነው። ለኤምሪስ "አምቡላንስ!" ብዬ ጮህኩ። ያኔ ነው አቶ ቶሌራ የሜዳውን ዳር ገመድ አልፈው የመጡት።

"እኔን! ኢልማ ኮ! እኔን ልጄን!" እያሉ ብብቱን ያዙ። "ተነሣ፣ አይዞህ፣ ተነሣ!"

ማለት የነበረብኝን አውቅ ነበር። "አይንኩት" ነው፣ አንድ ቃል። ግን አባት ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌዬ ናቸው። በአባትና በልጅ መካከል ማን ነኝና እገባለሁ? እጄ ከልጁ ጭንቅላት ላይ ለቀቀ። አቶ ቶሌራ አነሡት፣ ገመቹ ቆመ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ጥቂት ተራመደና ክንዱ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ እግሮቹ ታጠፉ።

አንገቱ በቀዶ ሕክምና ዳነ፣ መራመድም ቻለ። ቀኝ ክንዱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፣ ራግቢም አበቃለት። ሐኪሙ ጉዳቱ ስክረሙ ሲናድ የደረሰ ሊሆን እንደሚችል፣ ሲነሣ የባሰም ሊሆን እንደሚችል፣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረኝ። አቶ ቶሌራ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠበቁኝ።

"ሽፈራው፣ እኔ ነኝ ወይ?" አሉኝ።

"ኧረ የለም! ምን ነካዎት፣ አቶ ቶሌራ? ስክረሙ ነው" አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሰኞ ኤምሪስ ቢሮ ገብቼ ለአቶ ቶሌራ ያልኳቸውን ነገርኩት። ከዚያ የግራ ጓንቱን አወለቀ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሲያወልቀው ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለቱ ትናንሽ ጣቶች መንምነው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። "ለአገሬ የተጫወትኩበት የመጨረሻ ጨዋታ ነው" አለኝ። "ወደቅሁ። ዳይ የሚባል አብሮኝ የሚገፋ ጓደኛ ነበረኝ፣ አንድ መንገድ ላይ ነው የተወለድነው። 'ተነሥ፣ ምን ትጠብቃለህ!' ብሎ በማልያዬ ጎትቶ አነሣኝ። አንገቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ጣቶቼም ከዚያ ወዲህ አልታዘዙኝም።" ጨዋታውን እንደምንም ጨረሰ። ለጋዜጠኞች ደከመኝ አለ፣ ራግቢን ተወ። ለዳይ ግን አልነገረውም። ከዚያ በኋላ ዳይ በመጣ ቁጥር እጁን መደበቅ ሆነ ሥራው። ኋላ አንዲት የሚኒሶታ ሴት አገባና "አገርሽ እንኑር" ያላት እሱ ነው። "ከዳይ ሸሽቼ ነው እዚህ የመጣሁት። እንዳያዝን" አለኝ። ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። "ደግ ብለሃል። ዝም በል። ዝምታ ለሰውየው ስጦታ ነው።"

የሠራሁላቸው አለቆች ሁሉ ተደምረው እንደ ኤምሪስ አላስተማሩኝም፣ ስለዚህ ታዘዝኩት። ክረምቱን ሙሉ ዝም አልኩ። አቶ ቶሌራ ግን እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋሉ። ሲጸለይ እንኳ እጃቸውን አያነሡም። ከስብከቱ ይልቅ የእሳቸውን ኪስ ስመለከት ነው እሑዱ የሚያልፈው።

በመጨረሻ ገመቹ ቤቴ መጣ፣ ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ። "ዶክ፣ ኋት ዲድ አይ ዱ? አባዬ አይነካኝም" አለኝ። "ኮቴን ለመልበስ ስታገል ቆሞ ያየኛል፤ አይነካኝም። ሄል፣ ሃግ እንኳ አያደርገኝም።" ከዚያ አለቀሰ፣ ያ ሁሉ ሰውነት ሶፋዬ ላይ ተሰብስቦ። ያ ልጅ አባቱ የጠላው መስሎት ነበር። በኤምሪስ ስጦታ በጣም ተናደድኩ።

በማግሥቱ ባሶቹ የሚቆሙበት ቦታ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። አቶ ቶሌራ ባዶ ባሳቸው ውስጥ ተቀምጠው ሞተሩን ያሞቃሉ። ገባሁና ከኋላቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"አቶ ቶሌራ፣ ያኔ ያልኩዎት ልክ አይደለም። ሐኪሙ አይታወቅም ነው ያለው። ሲወድቅ ሊሆን ይችላል፣ ሲያነሡትም ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱን ይዤ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። እርስዎን አፍሬ ለቀቅሁት።"

በመስተዋቱ ውስጥ አዩኝ። "ይህን ስታውቅ ነው ክረምቱን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጠህ የዘመርከው?"

"አዎ።"

"አንተ ሰው!" መሪውን በሁለት እጃቸው መቱት። "ሁሉም ሰው 'አንተ አይደለህም፣ አንተ አይደለህም' ይለኛል። ሚስቴም፣ ፓስተሩም፣ አንተም። ታዲያ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ? ምንም ያላጠፋ ሰው ልጁን ገብቶ ምን ይለዋል?"

ሞተሩን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ማድረግ ነበረብኝ? አሳየኝ" አሉ። ባሱ ውስጥ፣ በወንበሮቹ መሀል ባለው መተላለፊያ፣ የልጆች ብስኩት ፍርፋሪ ላይ ተኛሁ። በእግሬ በኩል መጡ፣ ተንበረከኩ፣ ክርናቸውን ተከሉ፣ ጭንቅላቴን ያዙ። እጃቸው በጣም ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው ምሽት ለልጃቸው ምን እንዳሉት አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ገመቹ ኮቱን ሲለብስ አባቱ እጅጌውን ይዘውለት አየሁ።

ለአቶ ቶሌራ እውነቱን እንደ ነገርኳቸው ለኤምሪስ ስነግረው ተቆጣ። "የአንተ ጉዳይ ነው" አለኝ፣ ለአንድ ሰሞንም ከሥራ ውጭ አላናገረኝም። በሁሉም ነገር አስተማሪዬ ነው፣ በዚህ ግን ተሳስቷል ብዬ አሰብኩ፤ ሰውየውን እወደዋለሁና ልነግረው አልደፈርኩም።

ወደ መጨረሻዬ ጨዋታ ልምጣ። ገመቹ ያን ጊዜ የኤምሪስ ረዳት አሠልጣኝ ሆኗል፣ አቶ ቶሌራም ቅዳሜ አይቀሩም። እንክብካቤው በዝቶልኝ ነበር፤ ወንበር ሰጥተውኝ ከማዶ በኩል ተቀምጬአለሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ የያዘው ልጅ ከነተከታዮቹ መስመሩን አልፎ ተንከባለለና ቆሞ ይጮህ የነበረውን ኤምሪስን አብሮ ጠረገው። ሲነሡ ኤምሪስ በጀርባው ተኝቷል፣ አይንቀሳቀስም።

ያ አንገት ሌላ ውድቀት እንደማይችል አውቃለሁ። ተነሥቼ ሮጥኩ፤ ሜዳው ግን አያልቅም፣ ጉልበቴም አይታዘዝም። ከፊቴ አቶ ቶሌራ ወደ እሱ ሲሮጡ አየሁ፣ እጃቸውን ዘርግተው። "አያንሡት!" ልል ፈልጌ ትንፋሽ አጠረኝ።

አቶ ቶሌራ በእግሩ በኩል ዞሩ። ፊታቸውን አሳዩት። ተንበረከኩ፣ ክርናቸውን ጭናቸው ላይ ተከሉ፣ ጭንቅላቱን ከሁለት በኩል ያዙ፣ ጆሮዎቹን ሳይሸፍኑ። ስደርስ ከንፈራቸው "እኔን፣ እኔን" ይላል፤ እጃቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

"እግርህን አንቀሳቅስ" አልኩት ኤምሪስን። አንቀሳቀሰ። "ቀኝ እጅህን።" አንቀሳቀሰ። ጓንቱን አወለቅሁለትና፣ "ግራህን።" ሦስቱ ጣቶች ታዘዙ።

"ሁለቱ እምቢ አሉ!" አሉ አቶ ቶሌራ በድንጋጤ።

"እነሱ የድሮ ናቸው" አላቸው ኤምሪስ ሰማይ ሰማይ እያየ። "ስጫወት የሆንኩት ነው። ጓደኛዬ ሲያነሣኝ።"

አቶ ቶሌራ ወደ ፊቱ ጎንበስ አሉ። "ያውቃል?" አሉት በዚያች በሥራ ቦታ በተማሯት አጭር እንግሊዝኛቸው።

"አልነገርኩትም። እንዳያዝን ብዬ።"

"ያውቃል። እጅህን ስትደብቅ አይቷል" አሉት። "ልጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሁሉም 'አንተ አይደለህም' ሲለኝ ልጄን መንካት አቃተኝ። ይህ ሰው የነገረኝ ቀን አለቀስኩ፣ ከዚያ ልጄን አቀፍኩት። ጓደኛህ እስከ ዛሬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እየጠበቀህ ነው።"

ከኤምሪስ ዓይን ጥግ የወረደው እንባ ወደ ጆሮው ሲሄድ አየሁት። ሊጠርገው እጁን ሲያነሣ አቶ ቶሌራ "አትንቀሳቀስ" አሉት፣ እኔ ጠረግሁለት።

የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው መረመሩት፤ ትከሻው ተመቷል እንጂ አንገቱ ደህና ነው አሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ሜዳው ባዶ ሲሆን አቶ ቶሌራ ቦርሳቸውን አወጡና ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሱቅ የገዟትን የስልክ ካርድ ሰጡት። "ለወንድሜ ልደውልበት ነበር። ነቀምት ድረስ የሚሠራ ካርድ ያንተ አገር አይደርስም?" አሉት።

ኤምሪስ ካርዷን ገልብጦ ገልብጦ አያት። ከዚያ ስልኩን በዚያ ጓንት ባላጠለቀ ግራ እጁ ይዞ ረጅሙን ቁጥር ጫነ። የዳይን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። እኛ ዘወር ብለን ኳሶቹን ወደ ከረጢት መልቀም ጀመርን።

"ዳይ" ሲል ሰማን። ከዚያ በአገሩ ቋንቋ ማውራት ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ እየቆመ፤ አንድም ቃል አልገባንም። አቶ ቶሌራ ኳሷን እንደ ታቀፉ ቆም ብለው አዳመጡ።

"ነገረው" አሉኝ።